ጭነቱ ትንሽ አሞታል

በእኛ አገር ክፉ ወሬ እንደ ሌላው ወሬ አይነገርም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ኋላ ላይ «እንዴት እንዲህ ይሆናል?» እያለ እንዳይደክም ነው። ሆኗል። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ የጨረር መለኪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ልማዱ የቆየ ነው። መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም፤ ጠጉራቸው የሸበተ ሦስት ሰዎች ያስፈልጋሉ። የሚነገረው ሰው አስቀድሞ እህል መቅመስ አለበት፤ መቀመጥም አለበት። ታላቅ ሳይሰማ ታናሽ አይሰማም። ወሬው ገና ያልደረሰው ሰው ፊት ማልቀስ ቀርቶ «አይዞህ» ማለት እንኳ ነውር ነው። በስልክማ የሚታሰብ አይደለም። ሩቅ ያለ ዘመድ የሚጠራው «ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ድረስ» ተብሎ ሲሆን፣ ተጠሪውም ማን እንደሞተ መንገድ ላይ ሲያሰላስል ይመጣል። አባቶቻችን ይህን ያወጡት ለርኅራኄ ነው፤ በእነሱ አልስቅም። የምስቀው ርኅራኄያቸውን ወስደው አንቀጽ ባደረጉት ሰዎች ነው።

አገራችን የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ከሠራች በኋላ ነዳጁን የሚያዘጋጅ ፋብሪካም አቆመች። ማመንጫው በአገሩ አንድ ጫፍ፣ ፋብሪካው በሌላው ጫፍ፣ በመካከላቸው የሦስት ቀን መንገድ። ለምን እንዲህ እንደተራራቁ የጠየቀ አንድ መሐንዲስ ነበር፤ ሁለቱም ወረዳዎች ቅር እንዳይላቸው ነው ተባለ። ፋብሪካው የዩራኒየሙን ዱቄት ጋግሮ ጣት የማታህል እንክብል ያደርገዋል፤ እንክብሉ በብረት ዘንግ ውስጥ ተደርድሮ ወደ ማመንጫው ይሄዳል። እዚያ ሲነድ ከርሞ ያለቀው ደግሞ በወፍራም የብረትና የእርሳስ በርሜል ታሽጎ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። አለቀ ይባላል እንጂ አላለቀም፤ ያለ መከለያ አጠገቡ የዋለ ሰው አይተርፍም። ይህን የማያውቅ ሹም በአገራችን የለም።

ይህን ሁሉ የሚቆጣጠረው የጥንቃቄ መሥሪያ ቤት ነው፤ የበላዩም «ሊቀ ጥንቁቃን» ይባላሉ። መጀመሪያ ከሌላ አገር የተገለበጠ ወፍራም ደንብ ነበረን፤ ከባህላችን ጋር አይሄድም ተብሎ ተሻሻለ። ለምሳሌ ፋብሪካን በድንገት መፈተሽ ሳይጠሩ ሰው ቤት መግባት ስለሆነ ተከለከለ። አሁን ተቆጣጣሪዎች ከሁለት ሳምንት በፊት መልእክት ይልካሉ፣ ፋብሪካው በግ ያርዳል፣ እነሱም የእንግዳ መቀበያውን ክፍል አየር ለክተው «ንጹሕ ነው» ብለው ይፈርማሉ። እኔ ራሴ ያንን ክፍል ስድስት ጊዜ ለክቻለሁ። ለእውነቱ ከሆነ ንጹሕ ነበር።

የበርሜሉም ክዳን የራሱ ሕግ አለው። «ሃያ አራት የብሎን ራስ በግልጽ ይታይ» ይላል። ፋብሪካው ይህን ሕግ ከማንም በላይ አክብሮታል፤ ሃያ አራቱም ራሶች በግልጽ ይታያሉ። ስምንቱ ግን ራስ ብቻ ነበሩ። ከክዳኑ በታች የሚዘልቅ ነገር አልነበራቸውም፤ ከላይ የተበየዱ ናቸው። ተቆጣጣሪው በጣቱ እየነካ ቆጥሮ ሃያ አራት ብሎ ጻፈ። ውሸት አልጻፈም።

አሁን ወደ አንቀጽ ሰባት ልምጣ። አንቀጹ «የጨረር መፍሰስ ክፉ ወሬ ስለሆነ እንደ ክፉ ወሬ ይነገራል» ይላል። በመጀመሪያ ሊቀ ጥንቁቃኑ ይሰማሉ፣ ቀጥሎ ምክትሎቻቸው፣ ቀጥሎ ፋብሪካው፣ ቀጥሎ የወረዳው አስተዳዳሪ፣ ቀጥሎ ነዋሪው፣ በመጨረሻ ሾፌሩ። ሊቀ ጥንቁቃኑ ሳይሰሙ የፈሰሰ ነገር እንደፈሰሰ አይቆጠርም። መለኪያውም ጨረር ሲያገኝ ስለሚጮህ ችግር ፈጥሮ ነበር፤ ሽበት የሌለው፣ ብቻውን የሚናገር፣ ሰው መብላት አለመብላቱን የማይጠይቅ መርዶ ነጋሪ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ እያንዳንዳችን ከመለኪያችን ጋር አንድ ወፍራም ጋቢ ተፈርሞ ይሰጠናል። መለኪያው ክፉ ነገር መናገር ሲጀምር ተራው እስኪደርስ በጋቢ ይጠቀለላል።

የመኪናው ሾፌር ላቀው ይባላል። አምስት ዓመት አብረን ተጉዘናል፤ እሱ በርሜሉን በከባዱ መኪና፣ እኔ ከኋላ በትንሿ መኪና። ወሬ ይወዳል፤ ከሁሉ ወሬ ደግሞ ስለ ልጁ ማውራት ይወዳል። በዚያ ሰሞን ሚስቱ ባንቺአምላክ ሴት ልጅ ወልዳ፣ ላቀው የክርስትናዋን ቀን በጣቱ ይቆጥር ነበር። ሰማንያው ቀን እስኪሞላ ሁለት ጉዞ ቀርቶኛል ይለኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ፈቃድ ጠይቆ ቤቱን ሊያድስ አስቧል።

ሰኞ ዕለት፣ ቁልቁለቱን እየወረድን ሳለ አንዲት ላም መንገድ ገባች። ላቀው ፍሬን ያዘ። በርሜሉ ወደፊት ተንሸራቶ ከማቆሚያው ብረት ጋር ተላተመ፤ ስምንቱ የብሎን ራሶች እንደ ቆሎ አስፋልቱ ላይ ተበተኑ። ክዳኑ በአንድ ጎኑ የጣት ስፋት ያህል ተከፈተ። የተከፈተበት ጎን ላቀው ወደሚቀመጥበት ነው።

መለኪያዬ ጮኸ። ወርጄ ሳየው መርፌው መጨረሻው ላይ ደርሶ እዚያው ተጣብቋል። ላቀውም ወርዶ ጎማዎቹን በእግሩ እየነካ ወደ እኔ ተመለከተ።

«ምን ሆነ?» አለኝ።

ጋቢውን አውጥቼ መለኪያውን ጠቀለልኩት። «ባትሪው ነው» አልኩት።

«ባትሪ ሲያልቅ ይጮሃል እንዴ?»

«የዚህ ይጮሃል።»

«እንግዲያው እንደ አጎቴ ነው። ሲደክመው ነው የሚጮኸው» ብሎ ሳቀና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ደንቡ በአቅራቢያ ባለ ከተማ ቁሙ ስለሚል፣ ተራራ ላይ ያለች አንዲት ብርዳም ከተማ ገብተን ገበያው ሜዳ ላይ ቆምን። ደንቡ ሾፌር ከጭነቱ አይለይም ስለሚልም ላቀው መኪናው ውስጥ ቀረ፤ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል። እኔ ከፖስታ ቤቱ ወደ መሥሪያ ቤቴ ደወልኩ።

«ጭነቱ ትንሽ አሞታል» አልኩ።

 ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይማርልን። በጣም አሞታል?» አለኝ።

«በጣም።»

«እግዜር ይማረው። ሰው እንልካለን።»

በመሥሪያ ቤቱ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው። ሰኞ ከሰዓት በሙሉ ሦስት ሽበታሞች ሲፈለጉ ዋለ። መሥሪያ ቤቱ ሽማግሌ አጥቶ አይደለም፤ ነገር ግን ጡረታን የሚፈራ ሁሉ ጠጉሩን ጥቁር ቀለም ይቀባ ነበር። በመጨረሻ አንድ የዘበኞች አለቃ ተገኘ፤ ሁለት የመምሪያ ኃላፊዎች ደግሞ «ለአገር ስንል» ብለው የጠጉራቸውን ቀለም በሙቅ ውኃ አስለቀቁ። ማክሰኞ ሊቀ ጥንቁቃኑ የእህታቸውን ልጅ ሲድሩ ዋሉ፤ ሠርግ ላይ መርዶ አይነገርም። ረቡዕ ይጾማሉ፤ የበሉት ወደ ማታ ነው፤ መርዶ ደግሞ በማለዳ እንጂ በምሽት አይነገርም። እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት ይሁን ተባለ።

በዚህ መካከል የከተማዋ ሰው በርሜሉ ሙቀት እንዳለው ደረሰበት። ያለቀ ነዳጅ ይሞቃል፤ ያቺ ከተማ ደግሞ በርዷት ነው የኖረችው። ማክሰኞ ማለዳ ቁርጥማት ያለባቸው ሽማግሌዎች ጀርባቸውን በርሜሉ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ሴቶች እርጥብ ልብስ አሰጡበት። አንዷ የዳቦ ሊጧን በሳፋ ይዛ መጥታ ቶሎ ኩፍ እንዲልላት አጠገቡ አስቀመጠች። ላቀው በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «መንግሥት ምድጃ ላከላችሁ» እያለ ያስቃቸው ነበር።

እኔ ነፋሱ በማይመጣበት በኩል አርባ እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። የከተማዋ ሰው «ኩራተኛ ነው» አለኝ። ለራሴ ሕግ እያከበርኩ ነው እል ነበር። ፈሪ ነበርኩ፤ ሕጉም ተመቸኝ። ሁለቱን እየለየሁ ማየት የጀመርኩት ብዙ ዘግይቼ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት ላቀው አስታወከ። ምግብ የምታመላልስለት ዘርትሁን የምትባል፣ በገበያው ዳር ሻይና ምስር የምትሸጥ ሴት ነበረች።

«ምስርሽ ጠላኝ» አላት ላቀው፣ አፉን እየጠረገ።

«የኔ ምስር ሰው አሳምሞ አያውቅም» አለች። ተቆጥታ ነበር፤ ግን ግንባሩን በመዳፏ ነካችው።

ረቡዕ ዕለት የላቀው ግማሽ ፊት ቀላ። ፀሐይ ያቃጠለው ሰው ይመስላል፤ በዚያች ከተማ ግን ፀሐይ ከወጣች ሳምንት ሆኗት ነበር። የቀላው በርሜሉ በኩል ያለው ግማሽ ነው። ዘርትሁን ይህን አይታ ገበያውን አቋርጣ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጓደኛህ ታሞ ለምን አትጠጋውም?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ፊትህን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ባሌ የሞተ ጊዜ፣ ሳይነግሩኝ ሁለት ቀን ሽንኩርት ስሸጥ ገበያው ሁሉ በዚህ ፊት ነበር የሚያየኝ። ሽንኩርት ገዝተው መልሱን ትተውልኝ ይሄዱ ነበር። መርዶ ይዘሃል።»

 እሷም ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ከመቀነቷ ቁራሽ ዳቦ አውጥታ እያየችኝ በላች። አኝካ ዋጠች።

«በላሁ። ተቀመጥኩ። ንገረኝ።»

«እትዬ፣ ሦስት ሰው ያስፈልጋል።»

በርሜሉን ከተደገፉት ሽማግሌዎች ሁለቱን ጠራች። እያነከሱ መጡ። «እነዚህ ሸብተዋል፣ አንተም ጆሮህ ግርጌ ጀምሮሃል። ሦስት ሆናችሁ» አለች።

«ከእርስዎ በፊት መስማት ያለባቸው አሉ።»

«ስንት ናቸው?»

«ከነዋሪው በፊት አርባ አንድ ሰው አለ።»

አልተከራከረችኝም። ተነሥታ ወደ ትንሿ መኪና ሄደች፣ በሩን ከፈተች፣ የተጠቀለለውን ነገር አየች፣ ጋቢውን ገፈፈችው።

መለኪያው ጮኸ። ገበያተኛው ዕቃው ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ጩኸት ግን ጩኸት ነው፤ ከጩኸቱም ይልቅ እኔ ወደኋላ መሸሼን አዩ። ሜዳው ባዶ ሆነ። ልብሱም ሊጡም እዚያው ቀረ። ላቀው ብቻ አልሸሸም፤ እግሩ አልታዘዝ ብሎት ነበር። ዘርትሁንና ሁለቱ ሽማግሌዎች ተመልሰው ገብተው በብብቱና በእግሩ ይዘው አወጡት። እኔ ቆሜ አየሁ። ወጣት ነበርኩ ማለት ይቻላል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሊቀ ጥንቁቃኑ ቁርሳቸውን በልተው፣ ተቀምጠው፣ መርዶውን ከሦስት ሽበታሞች ሰሙ። እንደ ወጉ አለቀሱ ይባላል። ከዚያም ፈረሙ፦ «ጭነቱ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፈሰሰ።» የእርሳስ ልብስ የለበሱ ሰዎች ተልከው በርሜሉን ዘጉ። እውነቱን ለመናገር ሥራቸውን በሃያ ደቂቃ ጨረሱት።

መርማሪ ጉባኤም ተሰየመ። ጉባኤው እንዲህ ሲል ወሰነ፦ ሾፌሩ የታመመው ማክሰኞ፣ ጭነቱ የፈሰሰው ሐሙስ ስለሆነ፣ ሾፌሩ በጭነቱ አልታመመም። የዘርትሁን ምስር በማሸጊያ ታሽጎ ለምርመራ ተላከ፤ ሱቋም ተዘጋ፤ አንድም በምስሩ፣ አንድም ሳትሸብት መርዶ በመናገሯ። መለኪያው ያለ ተራው በመናገሩ ለስድስት ወር ከሥራ ታገደ። ፋብሪካው ግን ተመሰገነ፤ የብሎን ራሶቹ ሲቆጠሩ ዐሥራ ስድስቱ በቦታቸው፣ ስምንቱ መንገድ ላይ ተገኝተው፣ ድምሩ ያለ አንዳች ጉድለት ሃያ አራት መጣ። በርሜሉን ስለተደገፉት ሽማግሌዎች ጉባኤው ያለው ነገር የለም። ሐሙስ ዕለት የተደገፈ ሰው አልነበረም።

ላቀው ወደ ዋናው ከተማ ሆስፒታል መጣ። መርዶው ተራ በተራ ወርዶ እሱ ዘንድ ሲደርስ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ዘጠኝ ቀን ሆኖ ነበር። ሦስቱ ሽበታሞች ወረቀታቸውን ይዘው መጡ፤ ነገር ግን መግባት አልቻሉም፤ ላቀው እህል አልቀመሰም። የዋጠው ሁሉ ይመለስበታል። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ተሰጣቸውና እስኪበላ ይጠብቁ ጀመር። ሐኪሙ ሕመሙን አውቆታል፤ ለዚያ ሕመም የተዘጋጀ መድኃኒትም በመጋዘን ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱን መስጠት እንደ መናገር ይቆጠራል። ስለዚህ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ አዘዘለት።

«ሲበላ ይነገረዋል፣ ሲነገረው እናክመዋለን» አለኝ ሐኪሙ። «የሚበላው ደግሞ ካከምነው ነው። እኔ ምን ላድርግ ወንድሜ?»

እኔም «ምንም» አልኩት። ሁለታችንም ደመወዝተኞች ነበርን።

በአራተኛው ቀን ላቀው ኮሪደሩ ላይ ሰዎች እንደሚጠብቁት ሰማ። የሾርባ ማንኪያ ስጡኝ አለ። አንድ ማንኪያ ዋጠ፣ ከንፈሩን ነክሶ ያዘው፣ ላቡ በፊቱ እየወረደ በእጁ «ግቡ» አለ። ደንቡ መቀመጥ ስለሚል ሁለት ነርሶች ከግራና ከቀኝ ደግፈው አስቀመጡት። የዘበኞቹ አለቃ ወረቀቱን አነበበ፤ ጭነቱ ታሞ እንደነበረ፣ ሐሙስ ዕለትም እንደባሰበት የሚል ነው። ላቀው እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«እግዜር ያጽናችሁ» አላቸው።

ሐኪሙ ያን ዕለት መድኃኒቱን ጀመረለት። አምስት ቀን ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ እንኳ ይሠራ ነበር፣ አሁን ግን ምን ያህል እንደሚሠራ እንጃ አለ። ላቀው ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ኖረ። የልጁ ክርስትና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ስለ እሱ ሞት የምለው ነገር የለኝም፤ አዝኛለሁ፣ እስከ ዛሬም አዝናለሁ፣ ሐዘኔም ለማንም አልጠቀመም።

መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ጉዞ በኋላ ፋይሉን ቢመረምር አንቀጽ ሰባትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያጓድል የፈጸመ አንድ ሠራተኛ ብቻ አገኘ። ሾሙኝ። ጠጉሬም በዚያ ወር ውስጥ ነጭ ስለሆነ መርዶ ነጋሪ ለመሆን ብቁ ነህ ተባልኩ። የመጀመሪያ ሥራዬም ለላቀው ሚስት ለባንቺአምላክ መንገር ሆነ።

ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ማለዳ ሄድን። ጎረቤቶቿ አብልተው አስቀምጠዋታል፤ ልጅቷ ጉልበቷ ላይ ተኝታለች። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ ባንቺአምላክ እጇን አነሣች።

«ተዉት አባቴ። ሁለት ቀን ‹ተኝቷል› እያላችሁ ከሆስፒታሉ በር መልሳችሁኛል። መሞቱን አውቄአለሁ። የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ከሦስታችሁ ሰኞ ዕለት የሚያውቅ ማን ነበር?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወረቀታቸውን ይመለከቱ ጀመር።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

 አልጮኸችም። «እንግዲያው አንተ ተቀመጥ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ።

«እነዚያ ሰዎች ወረቀቱን ያነበቡለት ዕለት ማታ አጠገቡ ነበርኩ፤ ሁሉንም ነገረኝ። መለኪያውን በጋቢ ስትጠቀልለው ፊት ለፊት አይቶሃል። ባትሪ እንዳልሆነ አውቋል። ‹ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልሸሸህም?› አልኩት። ‹ጓደኛዬ ነው› አለኝ፤ ‹የሚገድለኝ ነገር ቢሆን ኖሮ ውረድ ይለኝ ነበር ብዬ ነው።›»

ሽማግሌዎቹ ወረቀታቸውን አጥፈው ወጡ። እኔ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።